የፍሪጃችን ስንጥቅ

ቀዝቃዛ ውሃ ምን ያህል እንደሚወደድ የሚያውቅ የቆላ ሰው ነው። እኛ የምንኖርባት የቀወት ወረዳ ከተማ ሸዋ ሮቢት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ በሆነ ዝቅተኛ ስፍራ የተቀመጠች ናት። ከፍታው ከ3,000 ሜትር የሚያልፈውን ጣርማ በርን ጋቢውን ተከናንቦ የተሻገረ መንገደኛ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ ከእኛ ዘንድ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ በክንዱ ይይዘዋል። በግንቦትና በሰኔ ወራት በጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን፣ ጧት የታለበ ወተት እስከ ማታ አይቆይም፤ የማታ ወጥም በማግሥቱ ሽታው ይለወጣል። በደጋ ከተሞች ፍሪጅ በሳሎን ቆሞ የሚታይ ጌጥ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ በእኛ አገር ግን ከምጣድና ከእንስራ ጋር የሚቆጠር የቤት ዕቃ ነው።

በእኔ ቤት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አለ። ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነች በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። የዚህ መድኃኒት ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ኃይሉን ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል፤ በረዶ ሆኖ ከረጋ ደግሞ ተመልሶ ቢቀልጥም እንኳ መጣል እንጂ መውጋት አይገባም። ስለዚህ የእናቴ ጤና በዚያ ነጭ ሣጥን ላይ የተንጠለጠለ ነው ማለት ይቻላል። ሣጥኑንም ቢሆን በቀላሉ አላገኘነውም። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር ጦርነቱ ወደ ከተማችን በደረሰ ጊዜ ቤታችንን ትተን ወጥተን ነበርና፣ ስንመለስ የቀድሞው ፍሪጅ በስፍራው አልነበረም። ይህኛውን ባለቤቴ ዕቁብ ገብታ፣ ለራሷ ልብስ እንኳ ሳትገዛ ቆይታ፣ በደረሳት ገንዘብ የገዛችው ነው።

እንግዲህ ይህን የመሰለውን ዕቃ የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ።

በልጅነቴ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ዳዊት የደገምሁ፣ ዲቁናም የተቀበልሁ ሰው ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብቼ ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ለልጆች ሳይንስ አስተምራለሁ። በፍሪጅ ውስጥ የተጋገረ በረዶ በብረት እንደማይወጋ፣ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ በሩን ከፍቶ መተው ብቻ እንደሚበቃ፣ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስንት ዓመት ተናግሬአለሁ። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ቀዳም ሥዑር ማታ ወደ ቅዳሴ ልሄድ ስቸኩል፣ ለነገው የቅርጫ ሥጋ ስፍራ ላዘጋጅ ብዬ ፍሪዘሩን ብከፍተው በረዶው እንደ ጡብ ተጋግሮ አገኘሁት። በረዶው እስኪቀልጥ ለመጠበቅ ጊዜ የለኝም አልሁ። ባለቤቴ በጓሮ ከዶሮዋ ጋር ነበረች፤ በወጥ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። የእናቴን የሽንኩርት ቢላዋ አነሣሁና ሦስት ጊዜ ወጋሁት። በአራተኛው ጊዜ ቢላዋው አዳልጦት ከፍሪዘሩ በታች ወዳለው ነጭ የፕላስቲክ ግድግዳ ገባና «ጠቅ» አለ።

ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥሁ። የጋዙ ቧንቧ ተነክቶ ቢሆን ኖሮ እንደ እባብ ሲያፏጭ ይሰማ ነበር፤ ምንም አልተሰማም። ስንጥቁ ከትንሿ ጣቴ የማይረዝም፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነበር። ተመስገን ብዬ ዘጋሁትና ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። በማግሥቱ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በፍስኩ ደስ ብሎት ሳለ፣ ከሱቅ የሚሸጠውን ቶሎ የሚይዝ ማጣበቂያ ገዝቼ በምስጢር ቀባሁት። ይህ ዓይነቱ ማጣበቂያ ለፈጣንነቱ ይመሰገናል እንጂ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፤ በብርድ ጊዜ ፕላስቲኩ ሲኮማተር አብሮት መለመጥ ስለማይችል ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ፈነዳ።

ከእኛ ጋር የምትኖር የወንድሜ ልጅ አለች። ትምህርት ለመማር ከደጋ ወርዳ ዘጠነኛ ክፍል የገባች፣ አንደበቷ ቁጥብ፣ እጇ ግን የማያርፍ ልጅ ናት። ፍሪጁን በየሁለት ሳምንቱ የምታጥበው እርሷ ስለሆነች ስንጥቁን መጀመሪያ ያየችውም እርሷ ሆነች። ሳትደብቅ ወደ ሳሎን መጥታ፣ «ጋሼ፣ ፍሪጁ ተሰንጥቋል» አለችኝ። ባለቤቴም ሰማችና፣ «ስታጥቢው በምን መታሽው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ፣ «እኔ አልመታሁትም» አለች፤ ሁለተኛ ስትጠየቅ ግን ዝም አለች። በሰው ቤት የሚኖር ልጅ ሁለት ጊዜ እንደማይከራከር አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቃል። እኔ በዚያ ሰዓት ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምሁ ነበር። ከወረቀቱ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም።

ይህን የማነብላችሁ የሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ሰው ምን ብዬ እንደምጠራው አውቃለሁ።

ስንጥቁም እንደ ተናቀ አልቀረም። የፍሪጅ ግድግዳ ሁለት ሽፋን ያለው ነው፤ ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፕላስቲክ፣ በመካከላቸውም ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎችን የያዘ ፎም የተሞላበት ነው። ሙቀት ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከላከለው ፎሙ ነው፤ ሊከላከል የሚችለው ግን ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር የቆላው እርጥብ አየር ይገባና ከቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ይንጠባጠባል፤ ከፍሪዘሩ የሚቀልጠውም ውሃ በዚያው ይወርዳል። ስንጥቁ በመንገዱ ላይ አፉን ከፍቶ ስለጠበቀው ውሃው ወደ ፎሙ ይሰርግ ጀመር። ውሃ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከደረቅ ፎም ከሃያ ጊዜ በላይ አብልጦ ነው። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራልና፣ በስንጥቁ ውስጥ ሌሊት የረጋው ጠብታ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ከንፈሮቹን ይፈለቅቃቸዋል። በቀን ይቀልጣል፣ ሌላ ውሃ ይጨመርበታል፣ ሌሊት ተመልሶ ይረጋል። በሚያዝያ ትንሽ ጣቴን ያህል የነበረው በኅዳር አንድ ስንዝር ሞላ።

ሞተሩም ዕረፍት አጣ። ቀድሞ ጥቂት ሠርቶ ጥቂት ያርፍ የነበረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ያድር ጀመር፤ ከሥሩም ኩሬ ይታይ ጀመር፤ ውሃውም ቀዝቃዛ መሆኑ ቀረ። እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ቁጥር አዞርሁት። ይህም ማለት ጣሪያው የሚያፈስ ሰው እሳት እንደሚያበዛ ማለት ነው። ከበሩ በኩል ያለው ሳይቀዘቅዝ፣ ከፍሪዘሩ ሥር ያለው ግን በረዶ ይሆን ጀመር፤ በጥር ወር አንድ ጧት እናቴ ብልቃጧን ብታወጣ መድኃኒቱ ረግቶ ተገኘ።

ወሩ ገና አልተጋመሰም፤ ሌላ ብልቃጥ ፍለጋ ከፋርማሲ ወደ ፋርማሲ ስዞር ዋልሁ፤ ያገኘሁት ቀኑ ሲመሽ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ባለቤቴ ልጅቱን፣ «ብልቃጡን ወደ ኋላ የገፋሽው አንቺ ነሽ፤ ፍሪጁንም የሰበርሽው አንቺ ነሽ፤ እኚህ ሴትዮ ቢሞቱብንስ?» እያለች ስትቆጣ ደረስሁ። ባለቤቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፈርታ ነው። ልጅቱ ግን ከዚያን ቀን ጀምራ ፍሪጁን መንካት ተወች። በዚያ ሙቀት ከትምህርት ቤት ላብ በላብ ሆና ስትመጣ፣ ከጓሮ ጀሪካን ለብ ያለ ውሃ ቀድታ ስትጠጣ አያት ነበር። ይህን ለሦስት ሳምንት አየሁ። በመጨረሻ እንቅልፍ የነሣኝ የሞተሩ ጩኸት ሳይሆን ያች የውሃ ብርጭቆ ናት።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተቱና ሥጋው ከፍሪጁ ስለወጣ ለጥገናው ጊዜው ተመቸ። ቀድሞ ያስተማርሁት፣ ዛሬ ፍሪጅ በመጠገን የሚተዳደር አንድ ወጣት አለ፤ እርሱን ጠራሁት። መጥቶ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር አስደነቀኝ። ካቻቢቴውን ሳያወጣ፣ ፍሪጁንም ሳይነቅል፣ ግድግዳውን በጨርቅ አድርቆ በሩን ከፍቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ጤዛና አመዳይ መጀመሪያ የሚታይበትን መስመር እየተከተለ በእርሳስ ምልክት ያደርግ ጀመር። በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ቀዝቃዛ ቧንቧ የሚሄድበትን መንገድ በዚህ ያውቀዋል። ከስንጥቁ እስከ ቧንቧው ያለው ርቀት ሁለት ጣት አይሞላም ነበር።

ከዚያም ከኋላ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበና፣ «አር 600 ኤ ነው፤ ቧንቧው ተነክቶ ቢሆን በዚህ ቤት ክብሪት መጫር አያስፈልግም ነበር» አለ። ለአንባቢ ይህን ጥቂት ላብራራው። ፍሪጅ ወደ ቤት በገባበት በመጀመሪያው ዘመን በቧንቧው ውስጥ ይዞር የነበረው አሞኒያን ወይም ሰልፈር ዳይኦክሳይድን የመሰለ መርዛም ጋዝ ነበረ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ፣ በበርሊን አንድ ቤተሰብ ከፍሪጅ በሾለከ ጋዝ ማለቁን የሰማው አልበርት አይንሽታይን፣ ሊዮ ዚላርድ ከተባለ ወዳጁ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ፍሪጅ ፈልስፎ በ1930 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተቀብሎበታል። ሊቁን ወደ ፍሪጅ ሥራ የመራው እንግዲህ አንድ ሽንቁር ነው። የማይመርዝና የማይቃጠል የተባለለት ፍሪዮን በ1928 ቢገኝም፣ እርሱም በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉት ሳይንቲስቶች እንዳመለከቱት የኦዞንን ሽፋን የሚበላ ሆነና፣ በ1987 በሞንትሪያል በተደረገው ስምምነት ምርቱና አጠቃቀሙ እንዲቀነስ ተወሰነ። አሁን በብዙ የቤት ፍሪጆች ውስጥ ያለው፣ የኛንም ጨምሮ፣ ከምግብ ማብሰያው ጋዝ ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው አይሶቡቴን ነው፤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን ይቃጠላል። ስለዚህ ፍሪጁ ሲያፏጭ የሰማ ሰው እሳት ማጥፋት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ የቧንቧውንም ጥገና ለባለሙያ መተው አለበት። በሙጫ ሊጠገን የሚችለው እንደኛ ያለው የፕላስቲኩ ስንጥቅ ብቻ ነው።

ወጣቱ በእጅ ባትሪው ስንጥቁን ሲመረምር ቤተሰቡ ሁሉ ከኋላው ቆሞ ነበር። ጥቂት ቆየና፣ «ቲቸር፣ ይሄ በማጠብ የመጣ አይደለም። እዚህ ላይ ጫፉ የሾለ ነገር ገብቶበታል። ቢላዋ ነው» አለ።

ልጅቱ ወደ መሬት አየች። ባለቤቴ ወደ ልጅቱ አየች።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «በቀዳም ሥዑር ማታ በረዶ ስወጋ ነው።»

ለጥቂት ጊዜ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ እናቴ ከወንበሯ ሆና፣ «እኔማ የፋሲካ ዕለት ነው ያወቅሁት፤ የሽንኩርት ቢላዋዬን ጫፉ ታጥፎ አገኘሁት» አለች። እኔም በመደንገጥ፣ «ታዲያ እማዬ፣ ልጅቱ ስትወቀስ ለምን ዝም አልሽ?» አልኋት። «እኔስ የማን እናት ነኝ?» አለችኝ።

ባለቤቴ አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ጓሮ ወጣች። በዚያን ቀን አላናገረችኝም፤ በማግሥቱም ቢሆን ያናገረችኝ ስለ በርበሬ ብቻ ነው። ልጅቱን ግን ማታ ጠርታ ግንባሯን ስማ ይቅርታ ስትጠይቃት ከመኝታ ቤት ሆኜ ሰማሁ። እኔም ጠየቅኋት። «እሺ ጋሼ» አለችኝ፤ ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ ደግሞ ምን ልትጨምር ኖሯል?

ጥገናው አምስት ቀን ፈጀ፤ ከዚህ ውስጥ ሦስቱ ፍሪጁ ተነቅሎ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንዲደርቅ የተውንባቸው ናቸው። እርጥብ ፎም ላይ የተለጠፈ ሙጫ አይቆይም። የቆላችን ሙቀት ለአንድ ነገር እንኳ ጠቀመን፤ ማራገቢያም አቁመንለት ነበር። ያልተከፈቱትን ብልቃጦች ለጎረቤት ፍሪጅ አደራ ሰጠን። በአገልግሎት ላይ ያለውን ግን እናቴ በአሮጌው ዘዴ ልጠብቀው አለች። ትንሽ ገንቦ በትልቅ ገንቦ ውስጥ አስቀምጣ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞላችበት፣ አሸዋውንም በውሃ አራሰችው፤ ብልቃጡን በፕላስቲክ አሽጋ በውስጠኛው ገንቦ አኖረችና በእርጥብ ጨርቅ ከደነችው። ውሃው ከሸክላው ላይ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ነው። በናይጄሪያ መሐመድ ባ አባ የተባለ መምህር ይህንኑ የገንቦ በገንቦ ዘዴ በ1990ዎቹ ለገበሬዎች አትክልት ማቆያ አድርጎ በማስፋፋቱ ዝናው በዓለም ተሰምቷል። በቴርሞሜትር ብለካው ቤቱ 33 ዲግሪ ሲሆን ገንቦው ውስጥ 25 ሆኖ አገኘሁት። ይህ ፍሪጅን አይተካም፤ ነገር ግን የተከፈተ ኢንሱሊን እንደ ዓይነቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ካላለፈ አራት ሳምንት ያህል ሊቆይ ስለሚችል፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ለሚጨነቅ የቆላ ቤተሰብ ማወቁ ይጠቅማል።

በአራተኛው ቀን ወጣቱ ተመለሰ። በመጀመሪያ ከስንጥቁ ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች በመሰርሰሪያ አበጀ። ፕላስቲኩን አልፎ ጠልቆ እንዳይገባ መሰርሰሪያውን ከጫፉ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ አስቀርቶ በፕላስተር ጠቅልሎት ነበር፤ በኤሌክትሪክ ሳይሆን በእጁ ቀስ እያለ ያዞረው ነበር። መብራት ትይዝለት የነበረችው ልጅቱ ናት። «የተቀደደውን ለመድፈን ለምን ሌላ ትበሳለህ?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔ ነኝና ያስተማርሁት።

ጥያቄው ሁለቱንም ትምህርት ቤቶቼን አስታወሰኝ። ስንጥቅ የሚረዝመው ጫፉ ስል ስለሆነ ነው፤ ፕላስቲኩን የሚስበው ኃይል ሁሉ በዚያች አንዲት ነጥብ ላይ ይከማቻል። ጫፉ ክብ ሲደረግ ግን ኃይሉ በዙሪያው ይበተናል፤ ስንጥቁም ይቆማል። የኔታ ያስጠኑኝ የነበረው የብራና ዳዊት ከቅጠሎቹ በአንዱ ላይ በጅማት የተሰፋ ቅድ ነበረው፤ ጸሐፊውም ስፌቱን ዞሮ ጽፎ ነበር። ያን ቅጠል በልጅነቴ በጣቴ እየዳበስሁ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት! ይህን ለልጅቱ ነገርኋት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓይኗን ቀና አድርጋ ያየችኝ ያን ጊዜ ነው፤ «ቅዱን ዞሮ ሲጽፍ መስመሩ አልጠመመበትም?» አለችኝ። ጠሞ ነበር።

የቀረው ሥራ ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ነበር። ስፍራውን በሳሙና አጠበ፤ አደረቀ፤ ቅባት እንዳይቀር በአልኮል ወለወለ። ቤንዚን ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ቢሆን ፕላስቲኩን ያቀልጠው ነበርና አላስነካውም። ማጣበቂያው እንዲይዝ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ሻከር አደረገው። ከዚያም ኢፖክሲ የተባለውን፣ ከሁለት ቱቦ ወጥቶ ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ማጣበቂያ በስንጥቁና በቀዳዳዎቹ ሞላ፤ በላዩም ከአሮጌ ፍሪጅ የተቆረጠ ስስ ነጭ ፕላስቲክ ለጠፈበት። እኔ ያን ጊዜውኑ ልሰካው ብል እጄን ይዞ፣ «ነገ፣ ቲቸር» አለኝ። አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በሩ እንደ ተከፈተ አደረ፤ ሽታው ጨርሶ ከጠፋ በኋላ ብቻ ሰካነው። መቆጣጠሪያውንም ወደ መካከለኛው ቁጥር መለሰው። ልጥፉ ያስታውቃል፤ ነጩ ከነጩ ጋር አልተመሳሰለም።

በመጀመሪያው ማታ ሞተሩ ጮኸ፤ ከዚያም ዝም አለ። ዝም ሲል ሁላችንም ከእራታችን ቀና ብለን ተያየን፤ ባለቤቴም ፈገግ አለች። ቴርሞሜትሩን በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክረን በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው፤ ሙቀቱንም ጧትና ማታ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልግ ነበር። እኔ ማንንም አላዘዝሁም። በሁለተኛው ቀን ማታ ፈተና ሳርም ልጅቱ ደብተሯን ይዛ መጣች፤ የፍሪጁን በር ከፈተች፤ ጎንበስ ብላ አነበበችና «4» ብላ ጻፈች። ከዚያ ከበሩ መደርደሪያ ላይ የውሃውን ጠርሙስ አውጥታ ብርጭቆዋን እስከ አፉ ሞላችና እዚያው ቆማ ጠጣች።